ከባቡሩ ያየኋትን ሴት እንዴት ልጻፋት?

የማታ ባቡር

ሰላም ለቤቱ። አጭር ልብ ወለድ ጀምሬ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ምከሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ባቡር ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ ከመሬት ከፍ ብሎ ድልድይ ላይ ነው የሚሄደው። ማታ፣ ቤቶቹ መብራት ሲያበሩ፣ የሰው ሳሎን ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ደግሞ መቀመጫ ስለማላገኝ ብዙ ጊዜ ከሰው ብብት ሥር ሆኜ ነው የማየው። አንድ ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ አለች። ቆማ ትበላለች። ሳህኑን በአንድ እጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቶሎ ቶሎ። ከኋላዋ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛና ወንበሮች አሉ። ባቡሩ ያልፋል፣ በቃ። ያየሁት ይኼን ብቻ ነው።

በታሪኬ ውስጥ ባሏ ውሽማ ይዞባታል። ባቡር ላይ ያለው ሰውዬ ቀስ በቀስ ይወዳታል። አንድ ቀን ወርዶ ቤቷን ያፈላልግና በሯን ያንኳኳል። ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ውሸት ይለኛል።

መግቢያው ይኸውላችሁ፦

«ሴትዮዋ ታዝናለች። ዓይኖቿ ውስጥ የተቀበረ የትዳር ሰቆቃ ይነበባል። ሕይወቷ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እንደ ሻማ እየቀለጠ ነው።»

አትራሩልኝ።

ዘጉለሌ

እሺ፣ አልራራልህም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች አልከን። ታዲያ ዓይኗ ውስጥ ያለውን ሰቆቃ በየት በኩል አነበብከው? በማጅራቷ?

ሻማውን አጥፋው። ባልየውንም ከነውሽማው አስወጣልኝ። እኛ ልብ ወለድ ውስጥ መስኮት ከተከፈተ ውሽማ ሳይገባ አይቀርም፤ መጋረጃ ገለጥ ካለ ሴት ታለቅሳለች። አንተ በዓይንህ ያየኸው ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሰው ወንበር እያለው ለምን ቆሞ ይበላል? ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ የማን ነው? እኔ ይኼን ጥያቄ ይዤ እንቅልፍ አጥቼ ባደርኩ ደስ ይለኝ ነበር። አንተ ግን ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መልሱን አጉርሰኸኝ አረፍከው።

ቡና ቁርስ

ጨው እየቀመሰች ይሆናላ! ሃሃሃ።

የምሬን ግን፣ እናቴ ቁጭ ብላ ስትበላ አይቼ አላውቅም። ለእኛ ታቀርባለች፣ እሷ ጓዳ ቆማ ከድስቱ ጥግ ጥግ ትጠርጋለች። «ነይ ብይ እንጂ» ስንላት «በልቻለሁ» ነው መልሷ። አሁን ልጆቿ ሁሉ ወጥተን ብቻዋን ነው ያለችው። አሁንም ጓዳ ቆማ ነው የምትበላው። ጠረጴዛው ለእንግዳ ነው።

ዘጉለሌ

ይኼ ከውሽማው መቶ እጅ ይሻላል። ባቡሩ ወንድሜ፣ ልጁ የሰጠህን ዝም ብለህ አትለፈው።

በረዶ አገር

ሰላም ከሚኒያፖሊስ። ባቡሩን ስታነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

እዚህ ዎከር የሚባል የሥነ ጥበብ ማዕከል አለ። ኤድዋርድ ሆፐር የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1940 የሳለው «ቢሮ በሌሊት» የሚባል ሥዕል የዚያ ቤት ንብረት ነው። ሆፐር ስለ ሥዕሉ ሲጽፍ፣ ሐሳቡ መጀመሪያ የመጣለት ምናልባት ኒውዮርክ ውስጥ ከመሸ በኋላ ከፍ ብሎ በሚሄደው ባቡር ሲመላለስ በጨረፍታ ካያቸው ቢሮዎች እንደሆነ ተናግሯል። ቶሎ ስለሚያልፉ ነው ትኩስ እንደሆኑ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀሩት። ልክ እንዳንተ ማለት ነው።

ሥዕሉን ላሳይህ። አንድ ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ያነባል። ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ፋይል መሳቢያው ጋ ቆማለች። መሽቷል። ሠዓሊው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ቁልቁል ነው የሚያያቸው፣ ባቡር ላይ እንዳለ ሰው። ከጠረጴዛው አጠገብ መሬት ላይ አንድ ወረቀት ወድቋል። አለቀ። ይዋደዳሉ? ሰውዬው ወረቀቱን ያላየ መስሎ ነው? እሷ ጎንበስ ብላ ልታነሳው ነው? ሆፐር አይነግርህም። ሰው ግን እስካሁን በዚያች ወረቀት ይከራከራል።

ያንተ ወረቀት ያ ጠረጴዛ ይመስለኛል። ሳታብራራ አስቀምጠው።

የማታ ባቡር

በረዶ አገር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሥዕሉን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አየሁት። ወረቀቷ እውነትም ታስጨንቃለች።

ግን ሥዕል ሌላ፣ ታሪክ ሌላ አይደለም? የእኛ አንባቢ «እና ምን ሆነ?» ነው የሚለው። ክፍት ብተወው «ራሱም አላወቀው» ይሉኛል። ከዚህ በፊት አንድ ጽሑፌን አንብቦ «ሁለተኛው ገጽ ጠፋብኝ» ያለኝ ሰው አለ።

ዘጉለሌ

«ምን ሆነ» ለሚለው መልስ ስጥ። ግን ስለ ሴትዮዋ ማን ጠየቀህ? ስለ ሰውዬው ንገረን።

እስካሁን ስለ እሱ የነገርከን ዓይን እንዳለው ብቻ ነው። ከሥራ ወጥቶ ወደ ማን ነው የሚሄደው? ቤት ሲገባ ራት ይጠብቀዋል? ማን ያቀርብለታል? እሱስ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው? አንድ ሰው ከመቶ መስኮት መርጦ አንዱ ላይ ከተከለ ምክንያት አለው። ሴትዮዋን እንድታዝን ያደረጋት እሱ ነው፤ ማዘን ስለፈለገ። ይኼን አንባቢው ቀስ ብሎ ይድረስበት እንጂ ሰውዬው ራሱ አይንገረን።

ደግሞ በሩን ማንኳኳቱን ተወው። አዲስ አበባ ውስጥ ከባቡር ያየኸውን መስኮት ከመሬት ሆነህ ፈልገህ ታገኛለህ? ከኋላው ከመጣህ ፎቁ ሌላ ፎቅ ነው። ብታገኘውስ፣ ዘበኛው «ማንን ፈልገህ ነው?» ይልሃል። ምን ልትለው ነው? ስሟን አታውቅ። ከሥሩ ያለውን ትዕይንት ዘለህ በሩ ላይ ደረስክ።

ጥቁር ቀለም

ሁላችሁም በጣም ትፈራላችሁ። መጋረጃ አስከብራችሁ ልብ ወለድ አትጽፉም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የሚለውን ልብ ወለዱን ሲጽፍ ያን የመሸታ ሠፈር፣ ውቤ በረሃን፣ አስፈቅዶ ነው? መጽሐፉ ለረጅም ዓመታት ሳይታተም የቆየው እኮ ገመና ስለገለጠ ነው።

ፈረንሳዊቷን ሶፊ ካልን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ቬኒስ ውስጥ አንድ ሆቴል በአልጋ አንጣፊነት ተቀጠረች፤ ለሦስት ሳምንት። እንግዶቹ ሲወጡ ሻንጣቸውን ትከፍታለች፣ ደብዳቤያቸውን ታነባለች፣ ፎቶ ታነሳለች። ከዚያ የጥበብ ሥራ አድርጋ ለሕዝብ አወጣችው። ዛሬ በዓለም የታወቀች አርቲስት ናት። ድፍረት ማለት ይኼ ነው። ባቡሩ ደግሞ ከመስኮት ያያትን ሴት ለመጻፍ ይሽኮረመማል።

ዘጉለሌ

ስብሐትን ለዚህ አትጥራብኝ። ውቤ በረሃን የጻፈው ከውስጥ ነው፤ አብሮ አምሽቶ፣ አብሮ ጠጥቶ። እሱንም እያዩት ነበር። በሻንጣ መክፈት አታወዳድረው።

የቤይሩት ልጅ

ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው። ዛሬ ግን ጥቁር ቀለም ወንድሜ አናገርከኝ።

እኔም አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። ቤይሩት፣ ሰው ቤት። የእውነቴን። ያቺ ያልካት ሴትዮ ሦስት ሳምንት ሠርታ ወደ ቤቷ ገባች። እኔ ፓስፖርቴም የበሩ ቁልፍም እነሱ ጋ ነበር። የምተኛው ከኩሽና ወጣ ብላ ባለች በረንዳ ላይ ነው። መጋረጃ አልነበራትም፤ ከፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ሁሉ ስተኛም ስነሳም ያየኛል። ስሜ ለምላሳቸው ከበዳቸው መሰለኝ ሌላ ስም አወጡልኝ።

ገመናቸውን ሁሉ አውቅ ነበር። ደፍሬ አይደለም፣ አንጥፊ ስለተባልኩ ነው። ፍራሹ የሚጎደጉደው በአንድ ጎን ብቻ እንደነበር አውቃለሁ። ሚስተር መድኃኒት ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚደብቀው። ማዳምም ልጆቹም አያውቁም። ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሆነ አላውቅም፣ ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። ካልሲ ሳስገባ እጄ ነካው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካልሲዎቹን ከላይ ብቻ አስቀምጣለሁ፤ ታች ያሉትን እሱ ባጠፋቸው አጥፍ ነው የምተዋቸው። መንካቴን እንዳያውቅ። አንድ ቀን መሳቢያው አጠገብ ቆሞ አየኝ። ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩም። እስክወጣ ድረስ እንደዚያ ሆነን ቆየን።

ይኼን ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። የጻፍኩት ስለ ካልሲው ነው። በሽታውን አልፈጠርኩለትም።

ጥቁር ቀለም

እህቴ፣ አንቺን ለማስከፋት አይደለም። ግን እኮ አሁን የነገርሽን ነገር የሰውዬው ሚስጥር ነው። እኛ አነበብነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው?

የቤይሩት ልጅ

ሰውዬው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?

ጥቁር ቀለም

አላውቅም።

የቤይሩት ልጅ

በቃ። እኔን ግን አሁን ታውቀኛለህ።

ጠበቃው

ጥቁር ቀለም የሶፊ ካልን ታሪክ በግማሹ ነው የነገረን። እ.ኤ.አ. በ1983 ፓሪስ ውስጥ ወድቆ ያገኘችውን የአድራሻ ደብተር ፎቶ ኮፒ አድርጋ ለባለቤቱ መለሰች። ከዚያ ውስጡ ያሉትን ሰዎች እየደወለች «ስለ እሱ ንገሩኝ» እያለች የሰበሰበችውን ሊቤራሲዮን ጋዜጣ ላይ በተከታታይ አወጣች። ባለቤቱ ሲሰማ ተቆጣ፤ እከሳለሁም አለ። በመጽሐፍ ያወጣችው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 አለ። በንግግር፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ በሕይወት ያለ ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን አድርጎ መልካም ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ጥፋት አድርጓል ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። «ልብ ወለድ ነው፣ ስሙን ቀይሬዋለሁ» የሚለው ማስታወሻ እንደ ጃንጥላ አይታመን። የሠፈር ሰው አንብቦ «እንዴ፣ እገሌ እኮ ናት!» ካለ ስም መቀየሩ ምን ፈየደ? የባቡሩ ሴትዮ ግን አታስፈራም። ባቡሩ ራሱ አያውቃት።

ቡና ቁርስ

የንስሐ አባቶች ልብ ወለድ የሚጽፉ ቢሆን አገሩ ሁሉ ጠበቃ በያዘ ነበር።

አራተኛ ፎቅ

እናንተ ዓይን ዓይን ትላላችሁ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ግን ገመና በጆሮና በአፍንጫ እንደሚገባ ያውቃል።

የእኛ ብሎክ በር ሁሉ ወደ አንድ ኮሪደር ነው የሚከፈተው፤ የኩሽናውም መስኮት እንደዚያው። ውሃ ቀድተህ ስትመለስ የሰውን ድስት ሁሉ አልፈህ ነው ቤትህ የምትገባው። ዕጣ አንድ ላይ የጣለን ሰዎች ነን፣ ማን ከየት እንደመጣ አንተዋወቅም። የጎረቤቴን ስም ሳላውቅ ግን ደሞዝ መቼ እንደሚቀበል አውቅ ነበር፤ የዚያን ቀን ሽንኩርቱ ሲቁላላ ያመሻል።

ኋላ ላይ መቁላላቱ ቀረ። ጠዋት ከቤት መውጣትም ቀረ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኩ ጠራና «ቢሮ ነኝ፣ አሁን ስብሰባ ልገባ ነው፣ ማታ እደውላለሁ» ሲል ሰማሁት። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነው፤ በነጠላ ጫማና በቤት ልብሱ። እኔ ኩሽና መስኮቴ ጋ ሽንኩርት እየላጥኩ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከዚያ ወዲህ የእሱ ስልክ ሲጠራ እኔ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ ውሃው ካለ። ከሌለ ድስት አንኳኳለሁ።

ባቡሩ፣ ይኼን ከፈለግክ ውሰደው። የብሎኩን ቁጥር አልነግርህም።

ዘጉለሌ

ሴቶቹ አስተማሩን። አንዷ ካልሲ አጣጠፈች፣ አንዷ ቧንቧ ከፈተች።

ባቡሩ፣ ልብ በል። ሁለቱም ያዩትን ነገር በአንድ መስመር ነው የጨረሱት። መድኃኒት ነው፣ ሥራ ማጣት ነው፤ አለፈ። ቀሪው ሁሉ ካዩ በኋላ እጃቸው ምን እንደሠራ ነው። እኔ እዚያ ላይ ነው ሆዴ የተላወሰው። ያንተ ሰውዬ ደግሞ አይቶ አይቶ ምንም አያደርግም፤ ከዚያ ድንገት ተነስቶ በር ያንኳኳል። በመሐል ያለው ትንሿ ነገር የታለች? ለምሳሌ ወሬኛ ተሳፋሪ አጠገቡ ቆሞ ወደዚያ መስኮት ሲያይ ቢያገኘው ምን ያደርጋል? ቦታ ቀይሮ ይከልልበታል? እኔ ብሆን እሱን እጽፍ ነበር። ሰው በማያውቃት ሴት ቀንቶ ማለት ነው። አስቂኝም አሳፋሪም ነው።

ስልክ ሠሪ

ጥያቄ አለኝ። ስልክ ነው የምጠግነው። ስክሪን ቀይሬ እየሠራ መሆኑን ሳይ ሳልፈልግ የማየው ነገር አለ። መልእክት ብቅ ይላል፣ ፎቶ ይከፈታል። መጻፍ እሞክራለሁ፣ የሚመጣልኝ ግን ያየሁት ነገር ራሱ ነው። እንዴት ልራቅ?

የቤይሩት ልጅ

ፎቶውን አትጻፈው። ባለቤቱ ስልኩን ሊወስድ ሲመጣ ፊትህን እንዴት እንደሚያይ ጻፍ። አይቶብኝ ይሆን እያለ ሒሳብ ሲከፍል።

ስልክ ሠሪ

ይኼንማ በየቀኑ ነው የማየው። አንዳንዱ መልስ ሳይቀበል ይሄዳል።

ጥቁር ቀለም

እሺ፣ ይኼ ጥሩ ነው። መልስ ሳይቀበል የሚለውን ያዘው። ሻንጣ መክፈት ላይ ግን አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የማታ ባቡር

ወሬኛውን ተሳፋሪ ጽፌዋለሁ፣ ነገ እለጥፈዋለሁ። ዛሬ ዘበኛውን እዩልኝ። በሩ ጋ አይደርስም።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

«አንዲት ሴትዮ ናት። ሦስተኛ ፎቅ።»

«ስሟን ማን ብለህ ነው?»

ዝም አለ።

«ዘመድህ ናት?»

«አይ።»

«ገንዘብ አለባት?»

«ኧረ የለባትም።»

«ታዲያ በምን ታውቃታለህ?»

በአገጩ ወደ ድልድዩ ጠቆመ። ዘበኛው ድልድዩን አየ፣ ሰውዬውን አየ፣ ከዚያ ሳቁ መጣ።

«እናንተ ናችሁ እንዴ! ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር ይኼ ፎቅ ሁሉ መጋረጃ ገዛ። ወፍራሙን። አንዷ ብቻ ናት እምቢ ያለችው።»

«ምን ብላ?»

«‹ይዩ› አለች። ‹እኔም አያቸዋለሁ› አለች።»

ሰውዬው በኀፍረት አንገቱን ደፋ። ልቡ በኀዘን ተሞላ።

ዘጉለሌ

«ይዩ» ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰርዛቸው። ሻማዋ ተመልሳ መጥታለች። እሷ ስታየው ከኖረች አሁን ሰውዬው ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ከዚያ ሆኖ ምን ይመስላል? ዘበኛውን ይጠይቀው።

አራተኛ ፎቅ

እኔ «እኔም አያቸዋለሁ» የሚለውን ነው የወደድኩት። ተደግፎ የሚተኛውን፣ ስልኩን የሚጎረጉረውን፣ ከሰው ብብት ሥር ሆኖ አንገቱን የሚያንጠራራውን፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለች ማለት ነው። ሳህኗን ይዛ ወደ ግድግዳ የምትዞረውም ባቡሩ ሲመጣ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይኼን ግን አንተ እንዳትጽፈው፣ እኔ ልጽፈው።

የማታ ባቡር

ውሰጂው። የጎረቤትሽን ስልክ እኔ ወስጃለሁ።

ቡና ቁርስ

አንድ ቅሬታ። ዘበኛው ብዙ አወራ። የእኛ ሠፈር ዘበኛ ለማያውቀው ሰው ይኼን ሁሉ አይዘከዝክም፤ መጀመሪያ መታወቂያ ነው የሚጠይቀው። ወይ ሻይ ይጋብዘው፣ ወይ ዝናብ አምጣና ጎጆው ውስጥ አስጠልለው። ከዚያ ያውራ።

የማታ ባቡር

ዝናቡ ይሻላል። ሐምሌ አደርገዋለሁ።